ጎማ የማይቆልፈው ፍሬን ለሞተር ብስክሌት ስላለው ጥቅም፥ ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ገዦችና ሹማምንት የተጻፈ



በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር የበቅሎ ክብር ዛሬም አልቀነሰም። ዳሩ ግን የእርሻ ሠራተኛውም፥ የከብት ሐኪሙም፥ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ተቈጣጣሪም ከወረዳው ከተማ ተነሥቶ ወደ ቀበሌዎቹ የሚወርደው ይበልጡን ጊዜ በሞተር ብስክሌት ሆኗል። በቅሎ ቀኑን ሙሉ የምትሄደውን መንገድ ሞተሩ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ የክትባቱ መድኃኒት በረዶው ሳይሟሟ ይደርሳል፥ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተባለውም ነገር የዘር ጊዜ ሳያልፍ ለገበሬው ይነገራል። ነገር ግን በቅሎ ገደል ያየች እንደ ሆነ ራሷ ትቆማለች፤ ሞተር የሚቆመው የተቀመጠበት ሰው ሲያቆመው ብቻ ነው። ሰውየው ማቆም አቅቶት የወደቀ እንደ ሆነም ጉዳቱ የሱ ብቻ አይደለም። ቤተ ሰቡ ጧሪውን ያጣል፥ ይጠብቀው የነበረውም ቀበሌ ከብቱ ሳይከተብ ይቀራል።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤታቸው ሞተር ብስክሌት የሚገዙ ሹማምንትና ለራሳቸው የሚገዙ ባለመሬቶች የሚያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። ጥያቄውም፥ ኤቢኤስ የሚባለው፥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን፥ ለኛ አገር መንገድ ይጠቅማልን፥ ወይስ ላስፋልት አገር ብቻ የተሠራ ጌጥ ነውን? የሚል ነው። መልሱ ይጠቅማል ነው። ነገር ግን በሁሉ ስፍራ እኩል አይጠቅምም፤ አንዳንድ ስፍራም መንገዱን ያረዝማል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አስቀድሞ ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,120 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ስማዳና ታች ጋይንት ደግሞ እግራቸውን እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ ዘርግተዋል። አንድ ሠራተኛ ጧት ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ውርጭ ተነሥቶ ከቀትር በኋላ ማሽላ ከሚበቅልበት ሙቀት ሊደርስ ይችላል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በጎብጎብ፥ በንፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው መንገድ፥ ቻይናዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በ1970ዎቹ ስለ ሠሩት ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል፤ አሁን አስፋልት ለብሷል። ከዚህ ዋና መንገድ እየተገነጠሉ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገቡት ግን አብዛኞቹ ጠጠርና አፈር ናቸው። በክረምት መረሬው ጎማውን ይጠቀልላል፤ በበጋ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እንደ ፈሰሰ ባቄላ ይንከባለላል። እንግዲህ አንድ ጋላቢ ባንድ ቀን አስፋልቱንም፥ ጠጠሩንም፥ ጭቃውንም ያገኛል ማለት ነው። ስለ ፍሬን ሲታሰብ ይህን መርሳት አይገባም፤ ብዙዎቹ የፈረንጅ አገር ጽሑፎች የተጻፉት አስፋልትን ብቻ እያሰቡ ነውና።

ቁልቁለት ላይ መንኮራኩርን የመያዝ ችግር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፥ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጐተቱት በዚሁ በጋይንት አድርገው፥ የጨጨሆን ገደል ወጥተው ነው። በጥቅምት ተነሥተው መቅደላ የገቡት በመጋቢት ነው። መንገዱን እየጠረጉ፥ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፥ ባለመንኮራኩሩን ሠረገላ በጠፍር እየሳቡ ሄዱ። ዳገቱን መሳብ ጕልበት ይፈልጋል፤ የጅዳንና የበሽሎን ቁልቁለት መውረድ ግን ከጕልበት ሌላ ብልኀት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ያን የሚያህል ክብደት አንድ ጊዜ ካመለጠ የሚመልሰው የለም። ዛሬ የሞተሩ ክብደት ከዚያ መድፍ ጋር የሚነጻጸር ባይሆንም ነገሩ አንድ ነው፤ ክብደት፥ ቁልቁለት፥ መንኮራኩርና መሬት።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንግባ። ብዙ ሰው ሞተሩን የሚያቆመው ፍሬኑ ይመስለዋል። ፍሬን ግን የሚያቆመው ጎማውን ነው፤ ሞተሩን የሚያቆመው ጎማው ከመሬቱ ጋር ያለው መያያዝ ነው። ጎማው እየዞረ ሳለ ቀስ በቀስ የተያዘ እንደ ሆነ መሬቱን ጨብጦ ይቆማል። በኀይል ተይዞ መዞሩን ፈጽሞ የተወ እንደ ሆነ ግን ተቆለፈ እንላለን፤ ያን ጊዜ መሬቱን መጨበጡን ትቶ እንደ መንሸራተቻ ይሆናል። በመኪና ይህ ሲሆን መኪናው ባራት እግሩ ስላለ ቀጥ ብሎ እየተንሸራተተ ይሄዳል እንጂ አይወድቅም። ሞተር ብስክሌት ግን የሚቆመው ጎማው ስለሚዞር ነው። የፊት ጎማው የተቆለፈ እንደ ሆነ መሪው ሥራውን ያጣል፤ ጋላቢው፥ ምን ሆንሁ? ብሎ ሳይጨርስ ከመሬት ላይ ይገኛል። ስለዚህ ጎማ እንዳይቆለፍ ማድረግ ለመኪና ከሚጠቅመው ይልቅ ለሞተር ብስክሌት የሚጠቅመው ይበልጣል።

በበቅሎ የሄደ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያውቀዋል። ቁልቁለት ላይ ልጓሙን ያላንዳች ዕረፍት የሚጐትት ሰው የበቅሎይቱን አንገት አሥሮ እግሯን ያስታታል፤ አዋቂው ጠበቅ ላላ፥ ጠበቅ ላላ እያደረገ ያወርዳታል። ኤቢኤስ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በጎማው መካከል ጥርስ ወይም ቀዳዳ ያለው ቀለበት አለ፤ በአጠገቡም ጥርሶቹ ሲያልፉ የምትቈጥር ትንሽ መሣሪያ ተተክላለች። ቍጥሩ በሽቦ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል። ጎማው ሞተሩ ከሚሄድበት ፍጥነት ይልቅ በድንገት መዞሩን የቀነሰ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ሊቆለፍ መሆኑን ያውቃል፤ ወዲያው ባልቦላውን ከፍቶ የፍሬኑን ዘይት ግፊት ያላላል፥ ጎማው መዞር ሲጀምር እንደ ገና ያጠብቃል። ይህን ባንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል። የሰው እጅ ይህን ያህል ሊፈጥን አይችልም፤ ይልቁንም የደነገጠ እጅ የሚያውቀው መጭመቅን ብቻ ነው።

ይህ ጥበብ መጀመሪያ የተሠራው ላውሮፕላን ጎማ ነበር። እንግሊዞች ማክሳሬት የተባለውን ያውሮፕላን ፍሬን በ1958 በፈረንጅ ቍጥር በሮያል ኤንፊልድ ሞተር ብስክሌት ላይ አድርገው ፈተኑት። በብዙዎቹ ፈተናዎች ሞተሩ የሚቆምበት ርቀት ጎማው ሲቆለፍ ከሚሆነው አጠረ፤ በሚያንሸራትት መንገድ ላይም ልዩነቱ እስከ 30 ከመቶ ደረሰ። እንዲህም ሆኖ የፋብሪካው ሰዎች ወደ ፊት ብዙ ጥቅም ያለው አልመሰላቸውምና ነገሩ ተተወ። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1988 በፈረንጅ ቍጥር፥ ቢኤምደብልዩ በኬ100 ሞተሩ ላይ አድርጎ ለገበያ አወጣው። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ብቻውን 11 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ የዛሬው ግን ባንድ እጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ሆኗል። በዚህም ምክንያት ከትልልቆቹ አልፎ ወደ ትንንሾቹ ሞተሮችና ስኩተር ወደሚባሉት ወረደ።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2017 በፈረንጅ ቍጥር ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ብስክሌት ሁሉ ይህ ፍሬን እንዲኖረው ታዝዟል። ህንድም ከ2019 ሚያዝያ ጀምራ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑት እንዲሁ አዘዘች፤ ለትንንሾቹ ደግሞ የተጋባ ፍሬን፥ ማለት አንዱን ሲይዙ ሁለቱም ጎማ የሚያዝበት፥ እንዲኖራቸው አደረገች። ይህን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ አገራችን ከመጡት ሞተሮች ብዙዎቹ ከህንድ ናቸውና።

ጥቅሙ በቍጥር የታወቀ ነው። በጣልያን፥ በእስፓንያና በስዊድን ባንድነት የተደረገውና በ2015 በፈረንጅ ቍጥር የታተመው ምርመራ እንደሚያሳየው ኤቢኤስ ባላቸው ሞተር ብስክሌቶች ላይ ሰው የሚቈስልበት አደጋ በጣልያን 24 ከመቶ፥ በእስፓንያ 29 ከመቶ፥ በስዊድን 34 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሞትና ከባድ ጉዳት የሚያመጣው አደጋ ደግሞ በእስፓንያ 34፥ በስዊድን 42 ከመቶ ቀነሰ። 250 ሲሲና ከዚያ በላይ በሆኑ ስኩተሮች ላይ የተገኘው ቅናሽ በጣልያን 27፥ በእስፓንያ 22 ከመቶ ነበር። በአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም በ2013 ባወጣው ምርመራ ሰው የሚሞትበት አደጋ 31 ከመቶ ቀንሶ አገኘ፤ በኋላ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ላይ ቢመረምር 22 ከመቶ ሆነ።

በነዚህ ቍጥሮች ላይ ሁለት ነገር ልብ ማድረግ ይገባል። አንደኛ፥ ለፍሬን ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ከመጀመሪያውም ጥንቁቅ ሊሆን ይችላልና የቅናሹ ሁሉ ምስጋና ለመሣሪያው ብቻ አይሰጥም። ሁለተኛ፥ የተመረመሩት ሞተሮች ትልልቆች ናቸው፥ መንገዳቸውም አስፋልት ነው። በኛ አገር በብዛት የሚገኙት ግን ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ፥ ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው። ስለዚህ 42 ከመቶ የተባለውን ቍጥር ወስዶ ለስማዳ መንገድ ማዋል ስሕተት ነው። እንዲያውም ሆኖ በብዙ አገር፥ በልዩ ልዩ መርማሪ ተደጋግሞ ቍጥሩ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ የሚናቅ ማስረጃ አይደለም።

የርቀቱን ነገር በሒሳብ እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ባንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ያልፋል። ጋላቢው አህያ መንገድ ላይ መግባቷን አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ የፈጀ እንደ ሆነ 17ቱ ሜትር ያላንዳች ፍሬን ሄደ። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱንም ፍሬን አሳምሮ የያዘ ሰው በ20 ሜትር ያህል ይቆማል፤ በእግር የሚረገጠውን የኋላውን ብቻ የያዘ ግን 40 ሜትር ያህል ይፈጅበታል። አስፋልቱ ርጥብ የሆነ እንደ ሆነ ሁለቱም ተይዘው 28 ሜትር ያህል ይሆናል። ጠጠር ላይ፥ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ፥ ሜዳ ላይ 15 ሜትር የሚፈጀው፥ በመቶ ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 20 ሜትር ያልፋል። ይህ ሁሉ ልክ ጎማው ሳይቆለፍ የተያዘ እንደ ሆነ ነው። በአርብ ገበያ፥ ስሟ እንደሚናገረው በገበያ ቀን፥ መንገዱ ላይ ካንዱ ሰው እስከ ሌላው ሰው ያለውን ርቀት ያየ ሰው 20 ሜትር ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቀዋል።

እንግዲህ ከዚህ የሚከተለው ነገር ይህ ነው። የሞተር ኀይለኛው ፍሬን የፊቱ ነው፤ ምክንያቱም ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይጫናልና የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይጨብጣል፥ የኋላው ግን ይቀላል። ዳሩ ግን ባገራችን ብዙ ጋላቢ የፊቱን ፍሬን ይፈራል። የዚህ ጽሑፍ ጸሓፊም በወጣትነቱ በርጥብ መንገድ ላይ በግ አግዳው የፊቱን ፍሬን በድንጋጤ ጨምቆ ሞተሩ ጥሎታልና ለብዙ ዓመት እጁን ወደዚያ ፍሬን ሳያነሣ ኖሯል፤ ስለዚህ ፍርሀቱን አይነቅፈውም። ነገር ግን ፍርሀቱ የሚያመጣው ጉዳት እጥፍ የሆነ ርቀት ነው። የኤቢኤስ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ጋላቢው ያን የፈራውን ፍሬን ያለ ፍርሀት በሙሉ ኀይሉ እንዲይዝ ያስችለዋል። በተለይ ዝናም ሲጀምር አቧራና ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን በሚያሟልጭበት ጊዜ፥ የጭጋጉም ነገር በጉናና በንፋስ መውጫ በኩል የታወቀ ስለ ሆነ፥ ይህ ፍሬን ሕይወት ያድናል ብንል አላበዛንም።

የጠጠሩ ነገር ግን ሌላ ነው። ልቅ ጠጠር ላይ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን በፊቱ እየከመረ ስለሚሄድ ክምሩ ራሱ ያቆመዋል። ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ እያላላ ስለሚሄድ ይህ ክምር አይፈጠርም፤ ስለዚህ ሞተሩ የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል። በጭቃም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ገደላማ በሆነ የጠጠር ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እየለቀቀ ሲሄድ ጋላቢው፥ ፍሬኑ እንቢ አለኝ፥ ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ ለገጠር መንገድ የተሠሩ አንዳንድ ሞተሮች የኋላውን ኤቢኤስ ለጊዜው የሚያጠፋ ቍልፍ አላቸው፤ አዋቂ ጋላቢ በጠጠር ቁልቁለት ላይ የኋላውን ጎማ እያንሸራተተ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላልና። የፊቱ ግን በጠጠርም ላይ ቢሆን መጥፋት የለበትም። ርቀቱ ቢረዝምም ሰውየው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፥ መሪውንም ይዞ ይቆያል፤ የተቆለፈ የፊት ጎማ ግን በጠጠር ላይ ማንንም አይምርም። ፍጥነቱን ቀንሶ ለሚሄድ ሰው ጥቂት ሜትር መጨመሩ ይታገሡታል፥ መውደቁን ግን አይታገሡትም። የኛ ፍርድ ይህ ነው፤ በጠጠር ላይ ለብዙ ዓመት የጋለቡ ሰዎች ሌላ ሐሳብ ቢኖራቸው አንደነቅም።

ኵርባም ላይ እንዲሁ ልክ አለው። ሞተሩ ተጋድሞ ኵርባ ሲይዝ የጎማው ጭበጣ ገሚሱ ለመዞር ውሏል። ያን ጊዜ በኀይል ፍሬን የተያዘ እንደ ሆነ ተራው ኤቢኤስ መንሸራተቱን ፈጽሞ ሊከለክል አይችልም። ማጋደሉን እየለካ የሚሠራ አዲስ ዐይነት ከ2013 በፈረንጅ ቍጥር ወዲህ በትልልቅ ሞተሮች ላይ ወጥቷል፤ ዋጋውም ለነሱ የሚገባ ነው። በጨጨሆ ጥምዝምዝ ላይ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ፍጥነቱን መቀነስ ያለበት ኵርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ነው።

አሁን በእጃችን ስላለው እንናገር። በገጠር በብዛት የሚታዩት የባጃጅ ቦክሰር፥ የቲቪኤስ ልዩ ልዩ ዐይነቶች፥ በመሥሪያ ቤቶችም የያማሃ ኤጂና ዲቲ ናቸው። ኤጂ የሚለው ስም ራሱ እርሻ ከሚለው የፈረንጅ ቃል የተወሰደ ነው፤ ለከብት አርቢና ለገበሬ ታስቦ የተሠራ ጠንካራ ሞተር ነው። ዳሩ ግን እሱም፥ ብዙዎቹ ቦክሰሮችም፥ ፍሬናቸው የከበሮ ፍሬን ነው፤ በከበሮው ውስጥ ሸራው ተከፍቶ ከውስጥ ይይዛል፥ የፊቱም የሚሳበው በገመድ ነው። ኤቢኤስ ግን የሚሠራው በዘይት በሚገፋ ፍሬን ላይ ነው። እንግዲህ በከበሮ ፍሬን ላይ ኤቢኤስ ገዝቶ መጨመር አይቻልም፤ ይህን እናደርግላችኋለን የሚል ጋራዥ ካለ ገንዘባችሁን አትስጡት። ከፋብሪካው ካልመጣ የለም ማለት ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። በአንዳንድ ርካሽ ስኩተሮችና ሞተሮች ላይ ኤቢኤስ የሚል ጽሕፈት ተለጥፎ ይታያል፤ ውስጡ ሲታይ ግን የዘይቱን ግፊት ጥቂት የምታለዝብ ሞላ ብቻ ናት። ጎማው ይቆለፍ አይቆለፍ የሚያውቅ ነገር የላትም። እውነተኛውን ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። በፊት ጎማው መካከል፥ በዲስኩ አጠገብ፥ ጥርሳም ወይም ቀዳዳማ ቀለበት መኖሩን፥ ወደ ቀለበቱም የቀረበች ሽቦ ያላት ትንሽ መሣሪያ መኖሯን ተመልከቱ። ቀጥሎም ቍልፉ ሲከፈት በሰሌዳው ላይ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፤ ሞተሩ ጥቂት ሜትር ከሄደ በኋላ ይጠፋል። መብራቱ ከመጀመሪያውም ካልበራ፥ ወይም በርቶ ካልጠፋ፥ ነገሩ ደኅና አይደለም።

ከገዙ በኋላ ጠባቂ ይፈልጋል። የፍሬኑ ዘይት እርጥበት ከአየር ስለሚጠጣ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ አለበት፤ አሮጌ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፥ የፈላ ዘይትም አይገፋም። ቀለበቱና ቈጣሪዋ ጭቃ ሲይዛቸው በውሃ መታጠብ ይገባቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ባትሪው ነው። በገጠር ባትሪው ሞቶ ሳለ በእግር እየተመታ የሚነሣ ሞተር ብዙ ነው፤ ባለቤቱም፥ ከተነሣልኝ ምን ቸገረኝ፥ ይላል። ኤቢኤስ ያለው ሞተር ግን ባትሪው ደካማ የሆነ እንደ ሆነ መሣሪያው ሥራውን ይተዋል። ተራው ፍሬን እንደ ቀድሞው ይሠራልና ሰውየው ያለ ፍሬን አይቀርም፤ ነገር ግን ኤቢኤስ አለኝ ብሎ በሙሉ ኀይሉ የጨመቀ እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ካልነበረው ሰው ይልቅ የከፋ ነገር ያገኘዋል። ስለዚህ መብራቱ በርቶ የቀረ ሞተር ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ከመውጣቱ በፊት ጋላቢው እንዲያውቀው ይነገረው።

ሞተር ለሚገዙ ሹማምንት የምንለው እንዲህ ነው። ሥራው ይበልጡን በቻይና መንገድና በከተሞች መካከል ለሆነ ሠራተኛ ዲስክ ፍሬንና ኤቢኤስ በፊት ጎማው ላይ ያለው ሞተር ይገዛለት፤ በሁለቱም ጎማ ላይ መሆኑ መልካም ቢሆንም የፊቱ ብቻ ይበቃል፥ ዋጋውም ይቀንሳል። በጨረታው ሰነድ ላይ ግን ኤቢኤስ ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ የጎማ ፍጥነት የሚቈጥር መሣሪያ ያለው፥ ተብሎ ይጻፍ፥ መለዋወጫውም ባገር ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ሻጩ በፊርማው ያረጋግጥ። ሥራው ሁሉ በቆላ ቀበሌዎች በጠጠርና በጭቃ ለሆነ፥ ጋራዥም በአቅራቢያው ለሌለው ሠራተኛ ግን፥ ቀላልና ጠንካራ ሞተር፥ የተጋባ ፍሬን ቢገኝ ከሱ ጋር፥ ይሻለዋል ብለን እናምናለን። ለዚህ ሰው ኤቢኤስ ከመግዛት አስቀድሞ አዲስ ጎማ መግዛት ይቀድማል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ላይ ኤቢኤስ ማድረግ ሰኰናው ለታመመ ፈረስ የብር ልጓም እንደ ማድረግ ነው።

ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ እንደ ሆነ፥ ማለት ለኤቢኤስና ለራስ ቍር፥ ያላንዳች ጥርጥር የራስ ቍሩ ይቅደም። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ምርመራዎች ባንድነት ሲታዩ ሄልሜት የሚባለው የራስ ቍር የጋላቢውን ሞት 42 ከመቶ፥ የራስ ጉዳቱን 69 ከመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ዋጋውም ከጠቅላላው ሞተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ከኋላ ለሚቀመጠውም ሁለተኛ የራስ ቍር መግዛት እንጂ፥ ሁለት ሰው አሳፍሮ አንድ ቍር መስጠት አይገባም።

ስለ ጭነትም ጥቂት እንበል። በሰኔና በሐምሌ ሃምሳ ኪሎ ማዳበሪያ ከኋላ አሥሮ የሚወርድ ሞተር ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ጭነት የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፥ መሪውን ያወላውለዋል፤ ፍሬኑም የሚይዘው ክብደት ስለሚበዛ ከበሮው በረጅም ቁልቁለት ይግላል፥ የጋለ ከበሮም የመያዝ ኀይሉን ያጣል። ኤቢኤስ ይህን አይፈውሰውም። የሚፈውሰው ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ጕልበት እየያዙ መውረድ ነው፤ ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ከቶ አይፈቀድ። ማዳበሪያው በአህያና በመኪና ይሂድ፤ ሞተሩ ሰውየውንና መድኃኒቱን ይያዝ።

ይህን ሁሉ ለጋላቢዎቹ ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፥ በግንቦት ወር፥ የወረዳው ሞተረኞች ሁሉ ሰውና ከብት በማይበዛበት ደልዳላ ስፍራ ይሰብሰቡ። በመሬቱ ላይ በኖራ መሥመር ይሰመር። መጀመሪያ በሰዓት 20፥ ቀጥሎ 30፥ ቀጥሎ 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከመሥመሩ ሲደርሱ በኋላው ፍሬን ብቻ፥ እንደ ገናም በሁለቱም ፍሬን ቀስ አድርገው እያጠበቁ ይቁሙ፤ የቆሙበትም ስፍራ በድንጋይ ይመልከት። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለውን ርቀት እያንዳንዱ በእግሩ ይቍጠረው። ኤቢኤስ ያለው ሞተር የተሰጠው ሰው ደግሞ ፍሬኑ በእጁና በእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ እንዳይደነግጥና እንዳይለቅ፥ መንቀጥቀጡ መሣሪያው ሥራውን እየሠራ መሆኑን እንዲያውቅ፥ በዚያው ዕለት ደጋግሞ ይሞክረው። ብዙ ሰው ፍሬኑ ሲንቀጠቀጥበት የተሰበረ መስሎት በመልቀቁ ይጐዳልና። መሥመሩም ሳይጠፋ ልምምዱ በጠጠሩ መንገድ ላይ፥ በዝቅተኛ ፍጥነት፥ ይደገም።